ከደብተር ወደ ሙያ፦ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ልጆቻችንን ማን ይቀበላቸው?

 



ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። ሰበታ ውስጥ የዐስር ሰላት ሰግደን ስንወጣ አንዲት እናት ከመስጊዱ በር ጥግ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጉሊት ሽንኩርትና ድንች እየቸረቸሩ ልጆች የሚያሳድጉ፣ ባለቤታቸው ወደ አኼራ ከሄደ ስድስት ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ኡስታዝ፣ ልጄ ውጤቱ ከመጣ ጀምሮ ከቤት አልወጣም። ጎረቤቱ ሁሉ ወደቀ ይለኛል። እርስዎ አስተምረውታልና እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄ ወድቆ ነው ወይስ አልቆለት ነው?» አሉኝ።

እኝህ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን እኛ መምህራን የማንጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ። የወደቀ ሰው እጁን የሚይዘው ካገኘ ይነሣል። ያለቀለት ግን ይቀበራል እንጂ አይነሣም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅን ከእነዚህ ከሁለቱ በየትኛው ነው የምንቆጥረው?

በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። «ለምን ቴክኒክና ሙያ አትመዘገብም? ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ...» ስለው ቀና ብሎ አየኝና፣ «ኡስታዝ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ‹የማያጠና ልጅ መጨረሻው ብየዳ ቤት ነው› ያሉን?» አለኝ።

ምን እመልሳለሁ? ብዬ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ልጆቹ እንዲያጠኑ ላስፈራራቸው ብዬ የተናገርኩት ቃል ዞሮ የልጁን በር ዘጋበት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በመጀመሪያ ራሴን ለመምከር፣ ቀጥሎም እንደ እኔ ለተሳሳቱ ወላጆችና መምህራን ለማካፈል ነው።

ልጁ ብቻውን አይደለም

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የተመዘገበው ውጤት ይህ ነው። የ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ተፈታኞች 896,520 ሲሆኑ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 (3.2 ከመቶ)፣ በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 (5.4 ከመቶ)፣ በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 (8.4 ከመቶ) አልፈዋል።

ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ መምጣቱ መልካም ነው። ሆኖም በ2017 እንኳ ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ማለፊያውን አላገኘም። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት መንገድ ተከፍቷል። የቀሩት ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በር ብቻ ስናሳያቸው ኖረን፣ በሩ ሲዘጋ «ወደቃችሁ» ብለን ወደ ቤት ብንሸኛቸው ፍርዱ ትክክል ነውን? ከመቶ ዘጠናው የማያልፍበትን በር ብቻ ያሳየ መምህርና ወላጅም አብሮ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሙያን የናቀው ማን ነው?

ለእጅ ሥራ ያለን ንቀት ትናንት የተጀመረ አይደለም። አያቶቻችን ማረሻውን የሠራላቸውን ቀጥቃጭ፣ ጋቢውን የሸመነላቸውን ሸማኔ፣ ድስቱን የሰጠቻቸውን ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳውን ያለፋላቸውን ፋቂ በሙያቸው ይሰድቡ ነበር። በሠሩት ዕቃ እየተገለገሉ ሠሪውን ከማዕድ ያርቁ ነበር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። በ1930ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ስሙ «ተግባረ ዕድ» ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ስሙ ክቡር ሆኖ ሳለ ልባችን ግን እጅን ማክበር አልቻለም።

በኋላም ለብዙ ዓመታት በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተና ተማሪውን ለሁለት ይከፍለው ነበር፤ ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ። ያ ፈተና በ2012 ዓ.ም. ቀርቷል። ያስተማረን ትምህርት ግን ከአእምሯችን አልወጣም። ቴክኒክና ሙያ ማለት የወደቀ ሰው የሚገባበት ቤት ነው ብለን አመንን፤ ልጆቻችንም አመኑ።

ወደ ዲናችን ስንመለስ የምናገኘው ከዚህ ተቃራኒውን ነው። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ጥሩር በእጃቸው ይሠሩ ነበር፤ የሚመገቡትም ከእጃቸው ሥራ ነበር። ነቢዩ ዘከርያ (ዐ.ሰ) አናጺ ነበሩ። ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ) ወገኖቻቸው እየሳቁባቸው መርከብ ሠርተዋል። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከመድየኑ ሽማግሌ ዘንድ ስምንት ወይም አሥር ዓመት ሊያገለግሉ ተዋውለው ሠርተዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በልጅነታቸው ለመካ ሰዎች ፍየልና በግ ጠብቀዋል። ታዲያ ብየዳን ማሳፈሪያ ያደረግነው እኛ ከየት ተምረን ነው?

የመጥረቢያው ታሪክ

አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና አቡ ዳውድ የዘገቡትን አንድ ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል። ከአንሷሮች አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ እርዳታ ለመነ። እርሳቸውም በቤቱ ምን እንዳለ ጠየቁት። ያለው ግማሹን የሚለብሰው፣ ግማሹን የሚያነጥፈው አንድ ጨርቅና ውሃ የሚጠጣበት ሳህን ብቻ ነበር። አስመጡት፤ በጨረታ ለሁለት ዲርሀም ሸጡለት። በአንዱ ዲርሀም ለቤተሰቡ ምግብ እንዲገዛ፣ በሌላው መጥረቢያ ገዝቶ እንዲያመጣላቸው አዘዙት። እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጠሙለት። እንጨት ለቅሞ እንዲሸጥና እስከ አሥራ አምስት ቀን ድረስ እንዳያዩት ነገሩት። ሲመለስ አሥር ዲርሀም ይዞ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ልመናን ለማውገዝ ነው። እኔ ግን ሥራ ለሌለው ወጣት እንዴት እንደሚታገዝ የሚያሳይ ሙሉ ትምህርት ሆኖ አገኘሁት። አራት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፣ «ምን የለህም?» ተብሎ አልተጠየቀም፤ ምን እንዳለው ነው የተጠየቀው። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት የቤተሰቡ እህል ታስቧል፤ ቤቱ እየተራበ የሚሠለጥን ሰው የለምና። ሦስተኛ፣ መሣሪያው ተሟልቶ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ተሰጠው፤ እጀታውን የገጠመለትም ታላቁ ሰው ነው። አራተኛ፣ ቀን ተቆረጠለት፤ ተመልሶ እንዲታይም ተደረገ። ዛሬ ለወጣቱ ከአራቱ አንዱን ብቻ እንሰጥና ሳይሳካለት ሲቀር «ሰነፍ ነው» እንላለን።

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፦ ደጃችንን እንወቅ

ያለንን እንቁጠር ካልን ከከተሞቻችን እንጀምር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን የከበቡ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ብዙ ወጣት ማለዳ ተነሥቶ በታክሲ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከየመንገዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ይውላል፤ ማታ የታክሲ ገንዘቡን ጨርሶ ይመለሳል። በሰፈሩ ያለውን ግን አላየውም።

ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መነሻም ናት። ቡራዩ በአምቦ መንገድ የገፈርሳን ግድብ ተጎራብታ፣ አሸዋ ሜዳን ይዛ ሌት ተቀን ቤት የሚሠራባት ከተማ ናት። ቤት ባለበት ደግሞ ግንበኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሻን፣ በርና መስኮት ሠሪ፣ ቀለም ቀቢ አለ። ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግረን በጎጃም መንገድ የምናገኛት፣ በወተትና በድርቆሽ የታወቀች፣ የታሸገ ውሃ የሚመረትባት፣ ሯጮች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። የከብት እርባታና የወተት አያያዝ እዚያ ትልቅ ሙያ ነው፤ ሆኖም «ላም ጠባቂ ልሁን እንዴ?» የሚል ወጣት ብዙ ነው።

ስለ ፋብሪካ ሥራም እውነቱን እንነጋገር። ፋብሪካ ብዙ ሰው ይቀጥራል፤ ግን ይወድቃልም። ዓለም ገና አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቱርኩ አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ቀጥሮ ነበር፤ በኋላ በብድሩ ምክንያት በልማት ባንክ እጅ ገባ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ (አጎዋ) ስታስወጣ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ የሚልኩ ፋብሪካዎች ተጎዱ። እንግዲህ ልጆቻችንን የምንመክረው እንዲህ ብለን ነው፤ ፋብሪካው ባለቤት ሊለውጥ ይችላል፤ ማሽኑን መጠገን የሚችል እጅ ግን የትም ይዞህ ይሄዳል። ስለዚህ ፋብሪካ የገባ ወጣት ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ሙያም ይዞ ለመውጣት ያስብ።

ቋንቋም ከንብረታችን አንዱ ነው። በሸገር ከተማ ቢሮዎች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ አዲስ አበባ ገበያ ውስጥ አማርኛ ይሠራል፤ የማሽን መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። የመድረሳ ልጅ ደግሞ ዐረብኛ ይጨምራል። በእነዚህ ከተሞች ያደጉ ልጆች ከእነዚህ ቋንቋዎች ሁለቱን ሦስቱን ይናገራሉ፤ ችሎታ ነው ብሎ የነገራቸው ግን የለም።

ሥልጠናው እንዴት ነው?

ብዙ ወላጅ ቴክኒክና ሙያ ሲባል ዐውቆት አይደለም የሚንቀው። ባጭሩ እንግለጸው። ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ሠልጣኙ አንዱን ደረጃ ሲጨርስ የብቃት ማረጋገጫ ምዘና፣ በሕዝቡ አጠራር «ሲኦሲ»፣ ይወስዳል። ምዘናው በጽሑፍና በተግባር ነው። ያለፈ የምስክር ወረቀት ይዞ ሥራ ይፈልጋል፤ ወይም ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያድጋል። በሥርዓቱ መሠረት የሥልጠናው 70 ከመቶ ተግባር፣ 30 ከመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ይፈለጋል። ሠልጣኙ በድርጅት ውስጥ እየሠራ የሚማርበት ክፍል «የትብብር ሥልጠና» ይባላል። የመግቢያው መስፈርት በየዓመቱ ስለሚወጣ ውጤት በተነገረ ሰሞን የኮሌጁን ማስታወቂያ ሄዶ ማንበብ ነው፤ ደላላ አያስፈልገውም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ኮሌጅ ሳይገባ በጋራዥ ወይም በወርክሾፕ በልምድ ሙያ የተማረ ሰው ለምዘና መቅረብ ይችላል። ይህ በተለይ ለደረሳዎቻችን ትልቅ በር ነው። ቁርኣን ሐፍዘው፣ ኪታብ ቀርተው ሃያ ዓመት ሲሞላቸው የዘመናዊ ትምህርት ወረቀት የሌላቸው ወንድሞች አሉን። እኔም ከመድረሳው ወንበር የተነሣሁ ነኝና ችግራቸውን ዐውቀዋለሁ። ማታ ማታ መደበኛውን ትምህርት እየተከታተሉ ቀን ከባለሙያ ሥር ቢገቡ ወረቀቱም ሙያውም ይገኛል። መትን ሲሐፍዝ የኖረ አእምሮ የኤሌክትሪክ መስመር መያዝ አያቅተውም።

ሁለተኛ፣ ሙያ የሚመረጠው በስሙ አይደለም። ከመመዝገቡ በፊት ልጁ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሄዶ ቢያንስ አንድ ቀን ይዋል። ከፍታ የሚፈራ ልጅ መሰላል ላይ የሚውል ሙያ ሊመርጥ አይገባም። ከሠራተኞቹም ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ሥራው በክረምት ይኖራል? መሣሪያው ምን ያህል ያወጣል? ከአምስት ዓመት በፊት የጀመሩት ዛሬ የት ናቸው?

የልጁ የመጀመሪያ ወራት

ወደ ሰበታው ልጅ እንመለስ። እኔና ሁለት የጀመዓ ወንድሞች የመጥረቢያውን ታሪክ ይዘን ተቀመጥን። ምን አለው? ጤናማ ጉልበት፣ ሁለት ቋንቋ፣ ወደ መቁጠርና መለካት የሚያዘነብል አእምሮ። አንድ ብረታ ብረት ወርክሾፕ ያላቸው ክርስቲያን ጎረቤት አሉን። ሄደን ለመንናቸው። «ትምህርት የጠገበ ልጅ እጁ ይለሰልሳል፤ እስኪ ልየው» አሉ።

የእህሉ ነገር ግን ወዲያው ተፈተነ። በሁለተኛው ሳምንት ልጁን አንድ የቢራ ፋብሪካ ለጭነት ሥራ ፈለገው። ገንዘቡ ወርክሾፑ ከሚሰጠው የምሳና የታክሲ ገንዘብ በብዙ ይበልጣል። ልጁ ሊጠይቀኝ መጣ። በአስካሪ መጠጥ ዙሪያ ጨማቂውን፣ ተሸካሚውንና ሻጩን ሁሉ የሚያወግዘውን ሐዲስ ዐውቀዋለሁ፤ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ ኡስታዝ፤ እናቴ ግን ዛሬ ማታ ምን ትብላ?» አለ።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ደመወዝተኛ ሆኖ «ሐራም ነው» ማለት ቀላል ነው። ሐራሙን ካሳየን ሐላሉን የመክፈት ግዴታ በእኛ ላይ አለ። በዚያው ሳምንት ጀመዓው ለእናትየው፣ ባል የሞተባትና የተቸገረች ናትና፣ ከዘካው ገንዘብ ለሦስት ወር የሚሆን እህል መደበ። ልጁም የቢራውን ሥራ ተወ። የመጀመሪያው ዲርሀም ምሥጢሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በወርክሾፑ ለሁለት ሳምንት የሰጡት መጥረግና ብረት መያዝ ብቻ ነበር። «ልተወው» ብሎ መጣ፤ እስከ አርባ ቀን እንዲታገሥ ቀን ቆረጥንለት። በአንዱ ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ ባለሙያው የበር ፍሬም ዘርግተው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሜትሮ ይለካሉ። ሁለቱ አግዳሚዎች እኩል ካልመጡ በሩ ጠማማ ነው። ልጁ ፈገግ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ ይቺ እኮ እርስዎ ያስተማሩን ናት፤ እኔ ለፈተና ብቻ መስላኝ ነበር» አለኝ። በክፍል ውስጥ በጠመኔ ያቃተኝን ጋሼ በሜትሮ አስተማሩት።

ዓርብ ዓርብ ለጁሙዓ ይሄዳል፤ ያን ሰዓት ማታ ቆይቶ ያካክሳል። ይህንንም ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ተነጋግረን ስለነበር ጠብ አልመጣም። ከዓመት በኋላ ለምዘና ቀረበ። የጽሑፉን አለፈ፤ በተግባሩ ወደቀ። መነጽሩንና ጓንቱን ሳያደርግ ብየዳ ስለጀመረ ነው። ይህን ጊዜ ግን ቤት አልተቀመጠም። ከወራት በኋላ ተመልሶ አለፈ። ዛሬ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በርና መስኮት ይሠራል። ሥራው አንድ ወር ይሞላል፤ አንድ ወር ይጎድላል። ሀብታም ሆነ አልልም። እናቱ ግን ጉሊቱን የሚቀመጡት በፈለጉት ቀን ነው።

መብትህንም ግዴታህንም እወቅ

ሥራ የጀመረ ወጣት ሕጉን ይወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሥራት የለበትም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥ ይገባል። ይህን የሚያውቅ ልጅ በቀላሉ አይታለልም።

ግዴታውም አለ። በሰዓቱ መድረስ፣ የተሰጠውን መሣሪያ መጠበቅ፣ ያላወቀውን «አላወቅሁም» ማለት አማና ነው። አምስት ወቅት የሚሰግድ ሠራተኛ ዕቃ ሲጠፋ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ሳይሆን የመጀመሪያ ታማኝ ሊሆን ይገባዋል። አንዱ ሙስሊም ወጣት ቢያጭበረብር ከእርሱ በኋላ የሚመጡት አሥሩ በሩ እንደሚዘጋባቸው አይርሳ።

ስለ ሴት ልጆቻችን

ብዙ ቤት ውስጥ ወንድ ልጅ ሲወድቅ «ምን ይሥራ?» ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትወድቅ ግን ሁለት መንገድ ብቻ ይታያል፤ ወይ ኒካሕ ወይ ዐረብ አገር። ኒካሕ ኢባዳ ነው፤ የተስፋ መቁረጫ ግን መሆን የለበትም። ወደ ውጭ መሄድን በተመለከተ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ምን እንደ ሆነ አይተናል፤ ባዶ እጅ የተመለሰችው ብዙ ናት። ሕጉ ለውጭ ሥራ 18 ዓመት መሙላትንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ይጠይቃል። በደላላ ፓስፖርት ላይ ዕድሜ ጨምሮ ልጁን የሚልክ አባት በአደራው ላይ ዋሽቷል።

ልብስ ስፌት፣ የምግብ ዝግጅት፣ የሒሳብ ሥራ፣ የጤና ረዳትነት፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና፣ በሱሉልታ በኩል የወተት ውጤቶች ዝግጅት ሁሉ ለሴት ልጆቻችን ክፍት ናቸው። ወላጅ የሚፈራው መንገዱንና ምሽቱን ከሆነ መፍትሔው ልጅቷን ማስቀረት አይደለም፤ ሦስት አራት ሆነው አብረው የሚሄዱበትን፣ የሥልጠና ሰዓቱ የሚመችበትን መፈለግ ነው። ሒጃብን በተመለከተ በማሽን አጠገብ የሚንጠለጠል ጨርቅ አደገኛ ነው፤ አጥብቆ የታሰረና ጫፉ የተከተተ ሒጃብ ግን ልብሱንም ደኅንነቱንም ይጠብቃል። ይህን አስቀድማ የምታስረዳ ልጅ ብዙ ጊዜ ይቀበሏታል።

ማን ምን ያድርግ?

ወላጅ፦ ልጁ 10ኛ ክፍል ሳለ ጀምሮ ስለ ሁለቱም መንገዶች ይናገር። ውጤት በመጣ ሰሞን ከጎረቤት ልጅ ጋር አያወዳድር። መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን አስቀድሞ ያሟላ።

መምህር፦ ሙያን ማስፈራሪያ አናድርግ። በዓመት አንድ ቀን ተማሪዎችን ይዘን በከተማችን ያሉ ወርክሾፖችን እንጎብኝ። ቀድሞ ተምሮ ዛሬ ባለሙያ የሆነውን ልጅ ጠርተን ክፍል ውስጥ እናናግረው።

ባለሙያ፦ በየዓመቱ አንድ ልጅ ብቻ ቢቀበል፣ ሲያስወርደውና ሲያስወጣው ሳይሆን ሲያሳየው፣ የሚጠቅም ዕውቀት ትቶ ያልፋልና ከሞተ በኋላም አጅሩ አይቋረጥበትም።

ጀመዓ፦ ብዙ ልጅ ሥራ አግኝቶ የሚያጣው ተያዥ ስለሌለው ነው። የምናውቀውን ልጅ ተያዥ ሆነን እናስቀጥር። መሣሪያ መግዛት ላቃተው ወለድ የሌለው መንገድ አለ። ዕቁብ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ለስፌት መኪና ወይም ለብየዳ ማሽን ፈላጊው መልቀቅ እንችላለን። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ፣ ቀጥሎም ሂጅራ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ብቻ ይሰጣሉ፤ በሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ በየጊዜው እንዲከፈለው ይሸጣል። ሆኖም ዕዳ ዕዳ ነው፤ ገበያውን ሳያውቅ ማሽን የሚገዛ ልጅ አንጠብቅ። መጀመሪያ ይሥራ፤ ቀጥሎ ይግዛ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀን ቆርጠን እንከታተል። ልጁን ኮሌጅ አስመዝግበን ወይም ወርክሾፕ አድርሰን ከተመለስን ሥራው ገና አልተጀመረም። በአሥራ አምስተኛው ቀን «እንዴት ሆንክ?» የሚለው ሰው ነው የሚያቆመው።

ባለፈው ረመዳን እኝያ እናት ከተራዊሕ በኋላ ደግመው በር ላይ ጠበቁኝ። ሁለተኛዋ ልጃቸው 10ኛ ክፍል ደርሳለች። «ኡስታዝ፣ ለእርሷ አሁን ምን እናስብላት?» አሉኝ። ወድቃ ነው ወይ አላሉም፤ ገና ፈተና አልወሰደችምና። ጥያቄው ከፈተናው በፊት መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ እኔም ብሆን ይህን ጊዜ የምመልሰው ነበረኝ፤ «ቅዳሜ ይዘዋት ይምጡ፤ በመጀመሪያ ምን እንዳላት እንጠይቃታለን» አልኳቸው።

አላህ ልጆቻችንን በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃልን፤ እጃቸውን የሰጪ እጅ ያድርግልን፤ እኛንም እጀታ ገጣሚዎች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።